ከበሩ በላይ የነበረው ጭስ ማውጫ

ሦስተኛው በርሜል ደረጃው መሐል ሲደርስ ከእጇ ሊያመልጥ አለ። ኮማሪቷ ትከሻዋን አስደገፈችው፣ ጥርሷን ነከሰች፣ በርሜል ማውረዱን ለእሷ ትቶ የሞተውን ባሏን በሆዷ ወቀሰች፤ በርሜሉም ከቤት አልወጣም እንደሚል ሰካራም ጥቂት ካንገራገረ በኋላ ተንከባሎ ምድር ቤት ገባ። አሮጌ ጆንያ ጣለችበት፣ በጆንያው ላይ የተሰበረ ወንበር ጫነች፣ በወንበሩ ላይ ደግሞ የጥራጊ ቅርጫት አስቀመጠች። ወታደር አፍንጫው የሚሠራው ለመጠጥ እንጂ ለጥራጊ አይደለም ብላ ራሷን አጽናናች። መዝጊያውን ልትገጥም ስትጎነበስ ከወንዙ በኩል ጩኸት መጣ፤ ሰውም በቅሎም አንድ ላይ የሚጮኹት ጩኸት።

ጩኸቱ አስደነገጣት፤ ግን አላስገረማትም። ከዚያን ቀን በኋላ ዕድሜ ልኳን ውስጥ ውስጡን የበላት ይኸው አለመገረሟ ነው።

ጥቂት ቀደም ብሎ ፎቅ ላይ ሆና ለእንግዳ ክፍሉ አዲስ መጋረጃ ትሰቅል ነበር። ከወንዙ ማዶ ካለው ኮረብታ ላይ ሰልፍ ሲወርድ አየች፤ ከፊት በነጭ ፈረስ የተቀመጠ መኮንን፣ ከኋላው ጠመንጃ ያነገቱ እግረኞች፣ ከነሱ በኋላ የጥይት ሣጥን የተጫኑ በቅሎዎች። ቁልቁል ወደ መሻገሪያው ነበር የሚሄዱት። ያን ጊዜ ሁለት ሐሳብ ባንድነት መጣባት። አንደኛው፣ እነዚህ ሰዎች ከደረሱ ስንት ወር የደከምኩበትን መጠጥ ባንድ ከሰዓት ጨርሰውት ይሄዳሉ የሚል ነበር። ሁለተኛው የጭስ ማውጫው ነገር ነው። ስለ ጭስ ማውጫው ወደ ወንዙ መሮጥ ነበረባት። እሷ ግን “ቶሎ ብዬ እነዚህን ልሸሽግና እደርሳለሁ” አለችና ወደ በርሜሎቹ ሮጠች። አልደረሰችም።

ቤቱ መሻገሪያ ቤት ይባላል። ግማሽ ቀን ካልተሄደ በቀር ጎረቤት የሚባል ነገር አይገኝም። ከፊቱ ያለው ወንዝ ሰፊና ዝምተኛ ነው፤ ዝምታው ግን የሚታመን አይደለም። ከውሃው ሥር፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ሁለት በቅሎ ጎን ለጎን የሚያሳልፍ የድንጋይ ጀርባ ተዘርግቷል፤ ከእሱ የወረደ እግር የሚረግጠው መሬት አያገኝም። ውሃው ድፍርስ ስለሆነ ድንጋዩ በዓይን አይታይም። ስለዚህ ነጋዴውም ከብት ነጂውም የሚሻገረው ውሃውን ሳይሆን ቤቱን እያየ ነበር። ከፊት የአዳራሹ በር አለ፤ ከአዳራሹ ኋላ ባለው የወጥ ቤት ጣሪያ ላይ ደግሞ ጭስ ማውጫው ቆሟል። ጭስ ማውጫው ልክ ከበሩ በላይ ሆኖ ከታየህ እግርህ ድንጋዩ ላይ ነው፤ ወደ ጎን ፈቀቅ ካለብህ ከመስመር ወጥተሃል። አባት ለልጁ ሲያስተምረው የኖረ መንገድ ነው፤ ሌላ ምልክት የለውም፣ ሌላም አላስፈለገውም ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። አንዱ ጦር ሲሸሽ ጣሪያውን አቃጠለው፣ ሌላው ጦር ሲያሳድድ በርና መስኮቱን ነቅሎ አነደደው። ባሏ በስደት ላይ ሞተ። እሷ ብቻዋን ስትመለስ አዳራሹ ውስጥ ቁጥቋጦ በቅሎበት አገኘች። ሌላ ሰው ቢሆን አልቅሶ ይመለስ ነበር። እሷ አለቀሰችና ቁጥቋጦውን መንቀል ጀመረች።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ሥራ ነው። ግድግዳው ተለሰነ፣ በኖራ ተቀባ፤ ጣሪያው እንደ አዲስ ተማገረ። ባንኮኒው ከተሰበረ ጋሪ ጎን ተሠራ፤ ባንዱ ጫፉ የመንኰራኩር ጭረት አሁንም ይታይበታል። ጭስ ማውጫው ግን ከድሮ ጀምሮ ጠላቷ ነበር። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ጭሱን መልሶ አዳራሹ ውስጥ ይተፋዋል፤ ደንበኛው ሁሉ ለቅሶ የመጣ ይመስል ዕንባውን እየጠረገ ነበር የሚጠጣው። እንደገና ማሠራቴ ካልቀረ ወደ ጥግ ይሂድልኝ አለች። ግንበኛው መሰላል ላይ እንዳለ ጢሙን አከከ።

“እትዬ፣ ሰዎች እኮ ይህን እያዩ ነው የሚሻገሩት” አላት።

“ድልድይ ከተሠራ ወዲህ በዚህ ማን ያልፋል? ደግሞ በቦታው ነጭ ምሰሶ አቆማለሁ፤ አንተ ብቻ ከጭሱ ገላግለኝ።”

ገላገላት። የአሮጌው ጭስ ማውጫ ድንጋይ ለምድር ቤቱ ቅስት ዋለ። ምሰሶውም ተቆረጠ፣ ተላጠ፣ ኖራ ተቀባ፤ ከጋጣው ኋላም ተጋደመ። ዛሬ ነገ ስትል የመስኮቱ መስታወት መጣ፣ መስታወቱ ሲያልቅ ጥንስሱ ደረሰ፣ ጥንስሱ ሲያልቅ የፎቁ ወለል ተነሣ። አንድ ጋሪ ነጂ “የላይኛውን ድልድይ ጠላት አፈረሰው” ሲላት እንኳ ክው ብላ “በሉ ነገ አቆመዋለሁ” ነበር ያለችው። በማግስቱ መጋረጃ ስትሰፋ ዋለች።

አሁን ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ወንዙ ሮጠች። ምን ዋጋ አለው! መኮንኑን ፈረሱ ዋኝቶ አውጥቶታል፤ ጥቂት ወታደሮች እርስ በርስ ተያይዘው ወጥተዋል፤ ቀሪው ሰልፍ ግን ከወዲያ ማዶ እንደቆመ ቀርቷል። አራት በቅሎዎች ከነጭነታቸው የሉም። ሁለት ወታደሮች የሉም። በገመድ ተጎትቶ የወጣ አንድ ሰው ጠጠሩ ላይ በጉልበቱና በእጁ ሆኖ ውሃ ያስመልሳል፤ ባስመለሰ ቁጥር ቀና እያለ “ወንድሜስ? ወንድሜን አያችሁት?” ይላል።

ድምፁን አወቀችው። ከጦርነቱ በፊት ከአባቱ ጋር ከብት እየነዳ የሚመጣው የከብት ነጂው ትልቁ ልጅ ነው፤ ዛሬ ለሰልፉ መንገድ መሪ ሆኖ የገባው እሱ ነበር። ታናሽ ወንድሙም አብሮት ይመጣ ነበር፤ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ፣ ተጨዋች። አሁን የፊተኛዋን በቅሎ ልጓም ይዞ ከመሪው ኋላ የተከተለው እሱ ነበር፤ ከወንዙ ግን አልወጣም። እናታቸው ከቤቱ ኋላ ካለው ኮረብታ ጀርባ ባለ መንደር ይኖራሉ፤ ኮማሪቷ ጣሪያ በሌለው ቤት ስታድር ሰምተው ብርድ ልብስ የላኩላት እሳቸው ናቸው።

መኮንኑ ሻምበል ነበር፤ ችሎቱን ያዘው በእሷ አዳራሽ ነው። ባንኮኒው ላይ ሰይፉን አጋደመ፣ ከጓንቱ ውሃ ጨመቀ፣ መሪውን እጁ የፊጥኝ ታስሮ ከፊቱ አቆመው። ሻምበሉ ዕድሜው ከጭንቀቱ የሚያንስ ሰው ነበር። ሃምሳ አለቃው፣ ወፍራም፣ ፊቱ ደግ፣ ጢሙ የሚንጠባጠብ ሰውዬ፣ ከበሩ አጠገብ ቆሟል።

“በዚህ ወንዝ ስንት ጊዜ ተሻግረሃል?” አለ ሻምበሉ።

“ቁጥር የለውም ጌታዬ። ከልጅነቴ ጀምሮ። ጦርነቱ እስኪመጣ ድረስ።”

“ተሳስተህ ታውቃለህ?”

“አላውቅም።”

“አንድም ቀን ያልተሳሳትክ ሰውዬ የኔን ጥይት ስትመራ ተሳሳትክ። ጠላት ድልድዩን አፈረሰ፤ አንተ ደግሞ መሻገሪያውን አጠፋህብኝ። ይህን ምን ልበለው?”

“ምን እንደነካኝ አላውቅም” አለ መሪው። “ዓይኔ ይሁን፣ ልቤ ይሁን፣ አላውቅም። የጠላት ሰው አይደለሁም። ግን ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ወንድሜንም ያስገባሁት እኔ ነኝ። የሚሉኝን ይበሉኝ።”

“ጥፋቱ የኔ ነው ማለትህ ነው?”

“አዎ ጌታዬ።”

ኮማሪቷ ከባንኮኒው ኋላ ሙቅ ውሃ የያዘ ማንቆርቆሪያ እንደታቀፈች ነበር። ማንቆርቆሪያው እጇን አቃጠላት፤ አላስቀመጠችውም። አሁን አፏን ብትከፍት ይበቃል። የምታየው ግን ሰይፉ የተጋደመበትን ባንኮኒ ነበር፣ አዲሱን ጣሪያ ነበር፤ አንዲት ችቦ ብትወረወርበት ሁሉም ተመልሶ ቁጥቋጦ ነው። ሻምበሉ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ይረሸን ብሎ ፈረደ። መሪውን ወደ ጋጣው ወሰዱት።

“እትዬ” አላት ሃምሳ አለቃው፣ ባንኮኒውን ተደግፎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ወንዙ ውሃ አጠጥቶናል። አንቺ ደግሞ ደህና ነገር ብታጠጪንስ?”

“የለኝም። ገና ማደስ ላይ ነኝ፤ ሥራ አልጀመርኩም።”

ሃምሳ አለቃው አየሩን ሳብ አደረገ። “ሽታው ግን ጀምሯል” አለና ሳይጨቀጭቃት ሄደ። ቢጨቀጭቃት ትመርጥ ነበር።

የባሏን ደረቅ ሸሚዝ ይዛ ወደ ጋጣው ሄደች። ዘበኛው ለሞተ ሰው ሸሚዝ ምን ያደርጋል በሚል ዓይን አያት፤ አሳለፋት። መሪው ከግርግሙ ጋር ታስሮ ተቀምጧል። ሲያያት ሊነሣላት ሞከረ፤ ገመዱ መልሶ አስቀመጠው።

“ቤቱ አምሮበታል እትዬ” አላት። “ከማዶ ሆኜ ሳየው ደስ አለኝ። ‘ተመልከት፣ እትዬ አደሰችው’ አልኩት ወንድሜን። ‘ዛሬ እዚያ ቁጭ ብለን ጉሮሯችንን እናርሳለን’ አለኝ።”

ሸሚዙን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት።

“አንድ ነገር ግን አልገባኝም” አለ መሪው። “ዝም ብዬ አይደለም የገባሁት። እንደ አባቴ ነው ያደረግኩት። ጭስ ማውጫውን ከበሩ በላይ አድርጌ፣ ዓይኔን ሳልነቅል። አንዴ እንኳ ፈቀቅ አላለብኝም። ውሃው ተዛውሮ ይሆን? ድንጋይ ይሸሻል እንዴ እትዬ?”

“አይሸሽም” አለች።

“እንግዲያው እኔ ነኝ። ጦርነቱ ጭንቅላቴን ወስዶታል። ለእናቴ ግን የመራሁት እኔ እንደሆንኩ አትንገሪያት። ውሃ ወሰዳቸው በያት፤ ሁለታችንንም። ይበቃታል።”

ከጋጣው ስትወጣ በኋላ በኩል ዞረች፤ ነጩ ምሰሶ እዚያው ሣር ውስጥ ተጋድሟል። ግንበኛው ሩቅ አገር ነው፤ ጭስ ማውጫው መዛወሩን በዚህ አካባቢ የሚያውቅ ሰው እሷ ብቻ ናት። ዝም ብትል ማንም፣ መቼም፣ አይደርስበትም። ይህን አሰበች፤ አስባም ቀለል አላት፤ ቀለል ስላላትም ራሷን ተጸየፈች። ሦስት ሰው ገድላ አራተኛውን በዝምታ ልትጨምር ነው። ለምን ብሎ ለሚጠይቃት መልሱ ጣሪያና ባንኮኒ ነው።

ሃምሳ አለቃው ከቤቱ ፊት ለፊት ሁለት ወታደሮች አግዳሚ ወንበሯን ከግድግዳው ሥር እንዲያነሡ ያዛል። ሲያያት ቆቡን አወለቀ።

“አይዞሽ እትዬ” አላት። “እዚህ ሊያደርጉት ነበር፤ ከልክያቸዋለሁ። ይህን የመሰለ ኖራ ተለቅልቆ በደም አይበላሽም። ወደ ጋጣው ግድግዳ እናደርገዋለን።”

አመሰግናለሁ ልትል ነበር። ቃሉ አፏ ውስጥ ነበር፤ ሙሉውን ሊወጣ ነበር። ያን ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እየሆነች እንደነበር ወለል ብሎ ታያትና ጮኸች።

“ሻምበሉ የት አሉ? ሻምበሉን ጥሩልኝ!”

ሻምበሉ በመነጽሩ የማዶውን ሰልፍ ያይ ነበር። እሷ ፊቱ ቆማ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ ነገሩን አፈረጠችው፤ የጭስ ማውጫውን፣ የግንበኛውን፣ የምሰሶውን። ሻምበሉ መነጽሩን ሳያወርድ አዳመጣት።

“ሰውዬው ምንሽ ነው?”

“ምኔም አይደለም ጌታዬ። ደንበኛዬ ነበር።”

“ለደንበኛ ሲባል ቆንጆ ተረት ነው። ጭስ ማውጫሽ ጣሪያው ላይ ይታየኛል።”

“ያ አዲሱ ነው። የድሮው እዚያ ነበር፤ መሐል ላይ። ሰው ልከው ወንዙን ያስለኩ። ምሰሶውን ይዤ በድሮው ቦታ ልቁም፤ እሱ እኔን እያየ ይግባ። ከሰመጠ ሁለታችንንም ይግደሉን።”

ሻምበሉ መነጽሩን አወረደ። ወዲያ ማዶ የቀረው ሰልፉ ነው ያሳሰበው እንጂ የመሪው ነፍስ አልነበረም፤ ቢሆንም “ይሞከር” አለ።

መሰላል ተደገፈላት። ዕድሜዋም ክብደቷም ለጣሪያ አይመችም፤ ግን ወጣች። የድሮው ጭስ ማውጫ የነበረበት ጣሪያ ከሌላው የበለጠ አዲስ ነው፤ ቦታውን ለማወቅ አልተቸገረችም። እግሯን አንፈራጣ ምሰሶውን ቀጥ አድርጋ ያዘች። ነፋሱ ሲመታው ምሰሶው እሷንም ይዟት ሊሄድ ይታገላል። ከዚያ ከፍታ ወንዙ ምንም ያልሠራ ይመስል ተኝቷል።

መሪውን ወገቡ ላይ ገመድ አሰሩለት። ከዚህኛው ዳር የሚነሣ ስለሆነ ቤቱን እያየ ለመሄድ ጀርባውን ለወንዙ መስጠት ነበረበት። ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። ለምን እንደሆነ ገና አልነገሩትም፤ ጣሪያው ላይ የቆመችውን ሴትና ከርቀት ጥግ ላይ የሚጨሰውን ጭስ ማውጫ አፈራርቆ አየ። ቆየ። የገባው ያን ጊዜ ነው። እዚያ ላይ ሆናም ቢሆን ፊቱ ሲለወጥ ታያት፤ ዓይኗን መስበር አልቻለችም፣ ከሰበረች ምሰሶው ይዘምማል።

የኋሊት ገባ። ውሃው ቁርጭምጭሚቱን፣ ጉልበቱን፣ ጭኑን ያዘው። አንዴ ተንገዳገደና ገመዱን የያዙት ሁሉ ጮኹ፤ እሱ ግን ምሰሶውን አይቶ ወደ ጎን አንድ እርምጃ አረመና ቀጠለ። ውሃው ከወገቡ አላለፈም። መሐሉን አለፈ። ከዚያ መውረድ ጀመረ፤ ጭን፣ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት፤ ማዶ ያሉት ወታደሮች በብብቱ ይዘው አወጡት። ሃምሳ አለቃው በአዲሱ ጭስ ማውጫ መስመር ረጅም እንጨት ሰድዶ ሞከረ፤ እንጨቱ መሬት ሳይነካ አለቀ።

ሻምበሉ እስክትወርድ ጠበቃት። “ጭስ ማውጫ ማዛወርን የሚቀጣ አንቀጽ የለኝም” አላት። “ቢኖረኝ ደስ ይለኝ ነበር። ምሰሶው አሁኑኑ ይተከል።” ከዚያ በኋላ ዞር ብሎም አላያት። ቤቱን አላቃጠለም። እሷ ለዚህ ቤት ብላ ያን ሁሉ ሰዓት የፈራችው ሰው ቤቱን ከነመፈጠሩም ረስቶት ሄደ።

ሰልፉ በመሪው እጅ አንድ በአንድ ተሻገረ። ወደ ታች ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ የታናሽየውን ሬሳ ደለል ላይ አገኙት፤ ሁለቱን ወታደሮች ግን ወንዙ አልመለሳቸውም። ሃምሳ አለቃው ሬሳውን በሸራ ጠቅልሎ፣ አንዲት አንካሳ በቅሎ “ለጦር አትሆንም” ብሎ ለመሪው ትቶለት፣ ምሰሶውን ራሱ በሚስማር መትቶ ሰልፉን ተከትሎ ሄደ። የጥሩምባው ድምፅ እየራቀ ጠፋ።

መሪው አዳራሹ ውስጥ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ኮማሪቷ ምድር ቤት ወርዳ ጥራጊውን፣ ወንበሩን፣ ጆንያውን አነሣች፤ ቀድታ አመጣችለት። ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ ጠጣ።

“እኔ አይደለሁም ለካ” አለ። ከዚያ ደጋግሞ አለው፤ “እኔ አይደለሁም ለካ፣ እኔ አይደለሁም።” ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ አለቀሰ። እሷ ቆማ ጠበቀች። ይሰድበኛል ብላ ጠበቀች፤ ኩባያውን ይወረውርብኛል ብላ ፊቷን አዘጋጀች። እሱ ግን ፊቱን በባሏ ሸሚዝ እጅጌ ጠረገና ቀና አለ።

“ተቀመጪ እትዬ። አልፈርድብሽም። እግዜር ያሳይሽ፣ ነፍሴን ያተረፍሽው አንቺ ነሽ፤ ዝም ብትዪ ማን ይጠይቅሽ ነበር? ጥፋትማ ነው፤ ምሰሶውን ማቆም ነበረብሽ። ግን እኛ በድንገት ነው የመጣነው። እንደምንመጣ ብታውቂ ኖሮ ሮጠሽ ትደርሺልን እንደነበር አውቃለሁ።”

ይቅርታ አገኘች። ባንኮኒው ላይ፣ ከእጇ ሥር፣ የተቀመጠ ይመስል ቅርብ ነበር፤ ለማንሣት የሚያስፈልጋት ዝም ማለት ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ዝም ስትል ውላለች፤ ትችልበታለች። አየችው፤ ያበጡ ዓይኖቹን፣ ገመድ የበላውን እጁን።

“አይቻችሁ ነበር” አለች።

“መቼ?”

“ከማዶው ኮረብታ ስትወርዱ። ከፎቁ መስኮት።”

“ጭስ ማውጫውን... ረስተሽው ነበር ማለት ነው።”

“አልረሳሁም። ወዲያው ነው ትዝ ያለኝ።” ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት። “አሁን የምትጠጣውን ስሸሽግ ነበር። ወታደር እንዳይጨርስብኝ። መጀመሪያ እሱን፣ ከዚያ እናንተን ብዬ።”

መሪው ኩባያውን አየው። አልወረወረውም፤ የቀረውንም አልጠጣውም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

“ብትሮጪ ትደርሺ ነበር?”

“እደርስ ነበር። ሁለት ጊዜ ተመላልሼ እደርስ ነበር።”

ተነሥቶ ወጣ። ወንድሙን በቅሎዋ ላይ ጫነው፣ ገመዱን አጠበቀ፣ ሸራው የተገለጠበትን ሸፈነ፤ ሁሉንም በዝግታ። ኮማሪቷ ደጃፉ ላይ ቆማ የሚሄድበትን ትጠብቅ ነበር። ከሄደ በኋላ ምን እንደምታደርግ አታውቅም፤ ብቻ ይሂድ እንጂ። እሱ ልጓሙን ይዞ ቆመ።

“የሚደረብ ነገር ልበሺ” አላት፣ ሳያያት። “ላይኛው መንገድ ይበርዳል።”

“የት ልሄድ?”

“እናቴ ዘንድ። የመራሁት እኔ እንደሆንኩ እነግራታለሁ፤ ያ የኔ ነው። የቀረውን አንቺ ትነግሪያታለሽ። ለኔ እንደነገርሽኝ። በርሜሉንም ጭምር።”

ያን ፊት፣ ብርድ ልብሱን የላኩላትን የአሮጊቷን ፊት አሰበችው። ባንኮኒው ላይ ያልታጠበ ኩባያ አለ፤ ምድጃው ውስጥ እሳት አለ፤ ምድር ቤቱ ክፍት ነው፤ ደክሞት ወደ ኋላ የቀረ ወታደር ቢመጣ የሚያገኘው ሁሉ ግልጥልጥ ብሎ ነው። “ቆይ ቤቱን ልዝጋና” አለች፤ “ቶሎ ብዬ ቤቱን...”

መሪው ዘወር ብሎ አያት።

አፏን ዘጋች። የሚደረብ ነገርም አልፈለገች። ልጓሙ ተሳበ፣ አንካሳዋ በቅሎ ከቤቱ ኋላ ወዳለው ኮረብታ ተራመደች፤ ኮማሪቷም በሩን እንደተከፈተ ትታ ከኋላ ተከተለች።